የተጠራ ዋጋ

«ታዲያ ተሸጠ?»

ይህን የጠየቁኝ አንዲት የጎንደር ባልቴት ናቸው፤ ጀበናውን ከከሰሉ አንስተው ማቶቱ ላይ እያስቀመጡ። ጥያቄው ሁለት ቃል ነው። እኔ ስምንት ወር ሙሉ የኮንዶሚኒየም ዋጋ ስመዘግብ፣ ሳካፍል፣ ሳወዳድር ከርሜ መልስ አልነበረኝም። የሒሳብ መምህር ነኝ። ሰሌዳ ፊት ቆሞ መልስ ያጣ ተማሪ ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ ሃያ ዓመት ታዝቤያለሁ፤ ያን ዕለት ጣሪያ ያየሁት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ የቤት ዋጋ በተወራ ቁጥር፣ ለቅሶ ቤትም ይሁን ሠርግ ቤት፣ ይህችው ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ታቃጭላለች።

ነገሩ የጀመረው በእህቴ ስልክ ነው። ታላቄ ናት፤ እታለም እላታለሁ። አዲስ አበባ ነርስ ሆና ኖራ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም አላት። በ1997 ተመዝግባ፣ በ2005 እንደገና ተመዝግባ፣ በ20/80 (20 በመቶው ከቆጣቢው፣ 80 በመቶው ከባንክ ብድር) ቆጥባ፣ ተስፋ ቆርጣ ሳለ ዕጣ የወጣላት ቤት ነው። ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች ተለይቶ ይወጣ ስለነበር «ሴት በመሆኔ ያገኘኋት አንዲት ጥቅም» እያለች ትቀልዳለች። ያን ዕለት ግን ቀልድ አልነበረም። «ሸጬው ልምጣ» አለችኝ። «እናታችን ብቻዋን ናት። የታክሲው ሰልፍም፣ ሁሉም በቃኝ። እዚያው ጎንደር ባለ ሁለት መኝታ ፈልግልኝ።» ቀጥላም፣ እንደ ታወቀ ነገር፣ «በአንድ የአዲስ አበባ ቤት ሁለት የጎንደር ቤት ይገዛል አይደል?» አለች።

አይደል? እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው። የአዲስ አበባ ዋጋ ሰማይ ነው፣ የክፍለ ሀገር ዋጋ ምድር ነው፤ ይህን ለመስማት ባጃጅ ውስጥ መቀመጥ ይበቃል። በቁጥር ያየው ሰው ግን አላጋጠመኝም። እኔ ልየው አልኩ።

ደብተሩ

ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ፤ ጥቅምት 2017 ነበር። መስመር አሰመርኩ፦ ከተማ፣ ሰፈር፣ መኝታ፣ ካሬ፣ ፎቅ፣ የተጠራ ዋጋ፣ ዋጋው ለካሬ ሲካፈል፣ የተጠራበት ቀን። ማታ ማታ የቴሌግራም ቻናሎችን እያየሁ እጽፋለሁ። ቀን ደላላ ሳገኝ እጠይቃለሁ። ባሕር ዳርና ደብረ ብርሃን ያሉ የቀድሞ ተማሪዎቼን በስልክ አስቸገርኩ። አንዱማ «መምህር፣ ሀብታም ሆኑ እንዴ?» ብሎኛል። ባለቤቴ ደብተሩን «ሁለተኛ ሚስትህ» ብላ ሰየመችው።

የመጀመሪያው ገጽ አዲስ አበባ ነበር። እዚያው ገጽ ላይ እንዳለሁ ገባኝ፤ «የአዲስ አበባ ዋጋ» የሚባል አንድ ነገር የለም። ገርጂን ውሰዱ። ኮንዶሚኒየም በ1996 መጀመሪያ የተሞከረበት ሰፈር ነው፤ ዛሬ ከተማው ከቦት መሀል ሆኗል። ቱሉ ዲምቱን፣ ኮዬ ፈጬን፣ የካ አባዶን ደግሞ ውሰዱ። ብሎኬቱ ያው ብሎኬት፣ ደረጃው ያው ደረጃ፣ ርክክቡም ያው ባዶ ሲሚንቶ ሆኖ «በሩን ራስህ ግጠም» የሚባልበት ነው። በኔ ደብተር ግን ለካሬ የሚጠራው ከእጥፍ በላይ ይራራቃል። ስምም ዋጋ አለው። ቦሌ አራብሳ የሚሸጥ ሰው ማስታወቂያውን «ቦሌ» ብሎ ይጀምርና «አራብሳ»ን ታች መስመር ላይ ይጥላታል። ከቦሌ ምን ያህል እንደሚርቅ የሄደ ያውቀዋል።

ሁለተኛውን ገጽ «ዙሪያው» አልኩት። ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ገላን፤ ከ2015 ወዲህ ሸገር ከተማ የተባሉት። እዚህ ሒሳቡ እምቢ አለኝ። አንዳንዱ ቦታ ላይ ከኮንዶሚኒየሙ አጥር ወጥተህ አስፋልት ስትሻገር ሌላ ከተማ ነህ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ሌላ፣ ካርታው ሌላ። የሚሸጠው ደግሞ በአብዛኛው ቤት ከነቦታው ነው። ታዲያ ዋጋውን በየትኛው ካሬ ላካፍለው? በቦታው ነው ወይስ ቦታው ላይ ባረፈችው ቤት? በቦታው ሳካፍል ከጎንደር የረከሰ ይሆንብኛል፣ በቤቱ ሳካፍል ገርጂን ይበልጥብኛል። ኮንዶሚኒየም ራሱ ቢሆን ሁለት ካሬ አለው። ካርታው ላይ ያለው አንድ፣ ሻጩ ደረጃውንና ኮሪደሩን ደርቦ የሚነግርህ ሌላ። በ1995 የወጣው የኮንዶሚኒየም አዋጅ ጣሪያውን፣ ደረጃውንና ግቢውን የጋራ ያደርጋቸዋል፤ ሻጭ ግን ሲጠራ የሁሉም ባለቤት ራሱ ነው።

የማስታወቂያውን አማርኛ ለመልመድም ጊዜ ወሰደብኝ። ሚሊዮን የምትባለዋ ቃል ጠፍታለች፤ «ሦስት ተኩል» ከተባለ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ነው። «ከደላላ ነጻ» የሚለውን የሚለጥፈው ደላላ ነው። «ቁርጥ ዋጋ» ማለት ድርድሩ ረዘም ይላል ማለት ነው። «አስቸኳይ ሽያጭ» የሚለው መጀመሪያ አንጀቴን ይበላኝ ነበር፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እያልኩ ከነዚያ ቤቶች ጀርባ የታመመ ልጅ፣ የተቆረጠ ቪዛ ይታየኛል። አንዱን አስቸኳይ ሽያጭ አምስት ወር ተከታተልኩት። አልተሸጠም፤ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ጨመረ። ምን ዓይነት ጥድፊያ ነው ወደ ላይ የሚሮጠው?

ቀን የሚለውን መስመር ማስመሬ ግን በጀኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ የሴራሚኩም፣ የብረቱም፣ የሲሚንቶውም ወሬ ተለውጧል። ከዚያ በፊት የተለጠፈ ማስታወቂያ ግን ማንም አላነሳውም፤ እዚያው ቻናሉ ላይ ተቀምጧል፣ ስልኩም ይሠራል። ስትደውልለት «ኧረ እሱ የድሮ ነው» ይልና በአንድ ትንፋሽ ሚሊዮን ይጨምራል። የድሮ የሚለው የዓመት ነገር ነው።

ፎቅና ውሃ

የጎንደር ገጽ ላይ ስደርስ እጄ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። በአንዱ ሁለት የመግዛቱ ነገር በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። የጎንደር ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም የሚጠራው ዋጋ እህቴ ቤት ጎን ለጎን ቆሞ ትከሻ ለትከሻ ይለካካል።

ለምን? ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። አንደኛ፣ ቤቱ ጥቂት ነው። በክልል ከተሞች ኮንዶሚኒየም ግንባታ እንደ አዲስ አበባ አልቀጠለም፤ ያለው ያው የጥንቱ ነው። ሁለተኛ፣ አቅም ያለው ጎንደሬ ኮንዶሚኒየም አይፈልግም፤ ግቢ ነው የሚፈልገው። ድንኳን የሚተከልበት፣ በግ የሚታሰርበት፣ ጌሾ የሚበቅልበት። በማኅበር ተደራጅቶ አዘዞና ጠዳ አቅጣጫ ቦታ እስኪደርሰው ይጠብቃል እንጂ ሌላ ሰው ራስ ላይ መኖር አያምረውም። አዲስ አበባ ላይ ኮንዶሚኒየም የሚፎካከረው ከኪራይ ጋር ነው፤ ጎንደር ላይ ከጓሮ ጋር ነው። ስለዚህ እዚህ ፈላጊው ሌላ ዓይነት ሰው ነው፦ ባልዋ የሞተባት፣ አዲስ ተጋቢ መምህር፣ ውጭ አገር ሆኖ «ካርታው ንጹሕ ይሁን እንጂ ሌላው ግድ የለኝም» የሚል። ሦስተኛው ምክንያት ወቅት ነው። የመተማና የሑመራ ሰሊጥ ተሰብስቦ ብሩ ከተማ ሲገባ፣ ከኅዳር ጀምሮ፣ ሻጮች ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ጥር ላይ እንግዳው ለጥምቀት ሲመጣ ደግሞ ዋጋውም እንደ ካህናቱ አዲስ ይለብሳል። በጥር የተጠራና በሐምሌ የተጠራ ዋጋ፣ ያው ቤት ሆኖ፣ አይተዋወቁም።

አንድ ነገር ግን የትም ያላየሁት ጎንደር ላይ አየሁ። አዲስ አበባ አራተኛ ፎቅ ረከስ የሚለው ሊፍት ስለሌለ ነው፤ የጉልበት ጉዳይ ነው። ጎንደር ላይ የጀሪካን ጉዳይ ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ ከተማው እየሰፋ፣ ውሃ በፈረቃ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው። የመገጭ ግድብ ሲጀመር አንደኛ ክፍል የነበሩ ልጆች አስተምሬ ለፈተና አስቀምጫለሁ። ውሃው በመጣ ዕለትም ግፊቱ ታች ያሉትን አጥግቦ ነው ወደ ላይ የሚወጣው፤ ከወጣ። እና የአራተኛውን ፎቅ ዋጋ ከአንደኛው ስትቀንስ የምታገኘው ልዩነት፣ ልብ ብለህ ካየኸው፣ የውሃ ተሸካሚ ልጅ የብዙ ዓመት ክፍያ ነው። ይህን ሳገኝ እውነቱን ልናገር ኮራሁ። ለእህቴ ደውዬ «አንደኛ ፎቅ ነው የምፈልግልሽ» አልኳት። የእሷ ቤት አራተኛ ፎቅ መሆኑን ደብተሩ ላይ «4» ብዬ ጽፌ አልፌ ነበር። ቁጥር ነው፣ ጻፍኩት፣ አለፍኩ።

አቦሉ ላይ

ሰኔ ላይ ደላላው ደወለ። ተማሪዬ ነበር፤ ማካፈል አይወድም ነበር፣ አሁን በኮሚሽን ይኖራል። «መምህር፣ የፈለጉት ተገኘ። ባለ ሁለት፣ አንደኛ ፎቅ፣ ከዕዳ ነጻ። ሦስት ተኩል።»

«ሦስት ተኩል?» አልኩት። «እዚያው ግቢ ሁለት ነጥብ ስምንት የተጠራ አለኝ እኮ።»

«ይምጡና ያነጋግሯቸው። እማማ ደግ ናቸው።»

ግቢው የት እንደሆነ አልናገርም፤ ሴትዮዋ ይታወቃሉ። በሩን የከፈቱልኝ በነጠላ አጣፍተው ነው። ሳሎኑ ጠባብ፣ ንጹሕ፣ የሥላሴ ሥዕል ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሁለት ሰማያዊ በርሜል፣ ጥጉን ይዘው ስድስት ቢጫ ጀሪካን እንደ ተማሪ ተሰልፈዋል። ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ የግድግዳ ካላንደር አለ፤ አንዳንዱ ቀን በእስክሪብቶ ተከቧል። የወር በዓል መስሎኝ ጠየቅኳቸው። «ኧረ ውሃ የመጣበት ነው» አሉኝ። «በስንት ቀኑ እንደሚመጣ ሰዎቹ ካልነገሩን እኔ ልወቀው ብዬ።» ልቤ ወደዳቸው። ደብተር ያለው ሰው ደብተር ያለውን ያውቀዋል።

ቡናው ተቆላ፣ ተወቀጠ። እኔ ጨዋ ለመሆን አቦሉ እስኪቀዳ ጠበቅኩና ደብተሬን አወጣሁ። «እማማ፣ ቅር እንዳይልዎት፤ ዋጋው ትንሽ አልበዛም? ይኸው እዚሁ ግቢ ሁለት ነጥብ ስምንት የተጠራ አለ። ለካሬ ሲካፈል…»

«የትኛው ነው?»

«ከዚያ ማዶ፣ ሦስተኛ ፎቅ።»

«ታዲያ ተሸጠ?»

ጣሪያውን ያየሁት ያኔ ነው።

እሳቸው ግን መልሱን ያውቁታል። «አልተሸጠም ልጄ። ሁለት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ ሁለት አለ። ሰው መጣለት፤ ሁለት ተኩል አለ። ሌላ መጣለት፤ ሁለት ነጥብ ስምንት አለ። ቤቱን መሸጥ መቼ ፈልጎ። ስንት እንደ ደረሰ ማወቅ ነው የሚፈልግ።» ስኒውን አቀበሉኝ። «አንተም የእሱን አፍ ነው የጻፍክ።»

ደብተሩን ጭኔ ላይ ገልበጥ ገልበጥ አደረግሁት። መቶ አርባ ሦስት መስመር። ከስንቱ ጎን «ተሸጠ» ብዬ መጻፍ እችላለሁ? ከአንዱም። ከአንዱም! ገርጂ ያልኩት፣ ባሕር ዳር ያልኩት፣ እስከ ሁለት አሥርዮሽ ቤት ያካፈልኩት ሁሉ የሰው ምኞት ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እየሰማሁ አድጌ የላሟን ወተት በሊትር ለክቼ፣ አማካይ አውጥቼ፣ በሰንጠረዥ አስቀምጬ ነበር። አማርኛችን እኮ ነግሮኝ ነበር። «ዋጋ ጠራ» ነው የምንለው። መጥራት ደግሞ ገና ያልመጣን ነገር ነው።

ትንሽ ለመከላከል ያህል፣ ወይም ከእፍረቴ ለማምለጥ፣ «እርስዎስ ሦስት ተኩልን ከየት አመጡት?» አልኳቸው።

አልደበቁኝም። ልጃቸው አዲስ አበባ ናት፤ ተከራይታ፣ ሁለት ልጅ ይዛ። የእሳቸው ጉልበት አብጧል፣ ሐኪም ክትትል ይፈልጋል ብሏቸዋል። መንገዱ ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ በየሁለት ወሩ በአውሮፕላን መመላለስ በጡረታ ገንዘብ አይሆንም። «ልጄ ስታጠያይቅ ዳር ዳሩ ላይ ባለ አንድ መኝታ ሦስት ነጥብ ሁለት ነው አሏት። እኔ የስም ማዛወሪያውን፣ የዕቃ መጫኛውን፣ የአውሮፕላኑን ጨምሬ ሦስት ተኩል አልኩ።» ከዚያም እንደ ማዘን ብለው ሳሎናቸውን ዞር ብለው አዩት። «የዚህንማ ዋጋ በምን ላውቀው? ሌላ ቤት ኖሬ አላውቅ።»

ይህን ስሰማ ያቀረቀርኩበትን ስኒ ረሳሁት። ሴትዮዋ የጠሩት የጎንደር ቤታቸውን ዋጋ አይደለም። የሚሄዱበትን ቤት ዋጋ ነው። እኔ ደግሞ «ጎንደር» ከሚለው ገጽ ሥር ልጽፈው ብዕሬን ከፍቼ ነበር።

ደረጃ ላይ እንደወጣሁ ለእህቴ ደወልኩ። የእሷ ቤት በማስታወቂያ ከወጣ ወራት ሆኖታል፤ የጠራችውም ሦስት ነጥብ ሁለት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከየት እንዳመጣችው ጠይቄያት አላውቅም።

«እታለም፣ ሦስት ነጥብ ሁለት ያልሽው እንዴት ብለሽ ነው?»

«አንተ አይደለህ እንዴ! ጎንደር ባለ ሁለት መኝታ ሦስት ይጠራል ብለህ ፎቶ አንስተህ የላክልኝ። ሁለት መቶ ሺህ ለጣጣው ጨመርኩ።»

እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ እያወዳደርኩ መስሎኝ ነበር። የጎንደርን ገጽ አዲስ አበባ ልኬ የአዲስ አበባን ዋጋ አስጠርቻለሁ፤ የባልቴቷ ልጅ የአዲስ አበባን ዋጋ ጎንደር ልካ የጎንደርን አስጠርታለች። ሦስት፣ ሦስት ነጥብ ሁለት፣ ሦስት ተኩል። እህቴ ይህን ሦስት ተኩል ብትሰማ ነገ ጠዋት ሦስት ነጥብ ሰባት ትል ነበር። መሀል ላይ አንድ የተሸጠ ቤት የለም። ልጅቷ «ዳር ዳሩ ላይ» የሰማችው የእህቴን ማስታወቂያ ይሆን? አላጣራሁም። ፈርቼ ነው መሰለኝ።

ሰዎች ስግብግብነት ነው ይላሉ፣ ደላላው ነው ይላሉ። ደላላ ንጹሕ ነው አልልም፤ የኔውን ተማሪ አውቀዋለሁ። ግን እነዚህ ሁለት ሴቶች ምን ስግብግብነት አለባቸው? ሁለቱም ቤታቸውን የሚለኩት በሚቀጥለው ቤታቸው ነው። ጎንደርና አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ፤ በእነዚህ ሁለት ሴቶች አፍ ላይ ግን ጎረቤት ናቸው።

ልውውጥ

እናንተም ደርሳችሁበታል። እኔም ደረስኩበት፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፤ ባለቤቴን ቀስቅሼ ነገርኳት። ለምን አይለዋወጡም? አንዷ ከዚያ ወደዚህ፣ አንዷ ከዚህ ወደዚያ። ዋጋ መጥራት ቀረ፣ ገዢ ፍለጋ ቀረ። «እሺ፣ ጠዋት» አለችኝና ፊቷን አዞረች።

ጠዋት ሁሉም ደስ አላቸው። ልዩነቱን ማን ይጨምር በሚለው ትንሽ ተጓተትን፤ እህቴ «የእኔ አንድ መኝታ ቢሆንም አዲስ አበባ ነው» ትላለች፣ እማማ «የእኔ ጎንደር ቢሆንም ሁለት መኝታ ነው» ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ልዩነቱን እኔ እንድበደር ተባለና አንድ ባንክ ሄድኩ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮችን ብድር ዕድገት በ14 በመቶ፣ ኋላም በ18 በመቶ ከገደበ ወዲህ ብድር ክፍል ያሉት ልጆች ትሕትናቸው ጨምሮ ነበር፤ ሻይ ጋብዘው ነበር የሚመልሱህ። እሱንም ተውነው። እማማ በመጨረሻ «ይቅር፣ ልክ በልክ ይሁን፤ የልጅ ልጆቼ ይበልጡብኛል» አሉ። የዚህንም የዚያንም ደላላ «ልውውጥም ሽያጭ ነው» እያሉ ሲጮሁ ዝም አልናቸው።

የባልቴቷ ልጅ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የእህቴን ቤት ልታይ ሄደች። እኔ ጎንደር ሆኜ ስልኬን ይዤ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ፎቶ መጣ፦ ሴራሚኩ፣ የወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን፣ በረንዳው። ቀጥሎ «ቆንጆ ቤት ነው» የሚል መልእክት መጣ። ቀጥሎ ለረጅም ጊዜ ምንም አልመጣም። ከዚያ ደወለች።

«መምህር፣ ሰባ ሁለት ደረጃ ቆጠርኩ።»

ምን ልበላት? ደብተሩ ላይ «4» ብዬ ጽፌያለሁ። ጎንደር ላይ አራተኛ ፎቅ ማለት ስንት ብር እንደሆነ ለሰው ሁሉ ሳስረዳ የከረምኩ ሰው፣ የባልቴቷን ጉልበት በዓይኔ ያየሁ ሰው፣ የእህቴ ፎቅ ከአንዲት እግሯ ካበጠ ሴት ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልታየኝም። ሊፍት የሌለው ቤት ውስጥ አንዴ ከወጡ ለክትትል የሚወርዱት በቃሬዛ ነው። እማማ ሲነገራቸው አልተቆጡም። «አየ፣ እሱን አንተ ደብተርህ ላይ አላየኸውም?» ብቻ አሉኝ። አይቼው ነበር።

ከዚያ በኋላ ደብተሩን ተውኩት። ክረምቱ ገባ፣ ትምህርት ተከፈተ፣ ሰሊጡ ተሰበሰበ። ከጥምቀት በፊት ባለው ሳምንት ደላላው ፒያሳ ላይ አገኘኝና የእማማ ቤት መሸጡን ነገረኝ። ልቤ ዘለለ። ከመቶ አርባ ሦስቱ የመጀመሪያው!

«በስንት?»

«በውሉ ነው ወይስ በእጁ?» አለኝ እየሳቀ።

ሁለት ዋጋ ነበረው፤ ውሉ ላይ የተጻፈውና በእጅ የተከፈለው። ሁለቱንም በጆሮዬ ነገረኝ፤ አንዱም ሦስት ተኩል አልነበረም፣ አንዱም ሌላኛውን አይመስልም። ላልናገር ቃል ስለገባሁ እዚህም አልጽፈውም። ቤት ሄጄ ደብተሩን አውጥቼ «ተሸጠ» የሚል አዲስ መስመር አሰመርኩ፤ የትኛውን ቁጥር እንደማስገባበት አሰብኩና ሳልጽፍ ዘጋሁት።

እህቴ አሁንም ቱሉ ዲምቱ ናት። እናታችንን እኔ ጋር አምጥተናታል። ባለፈው ሰሞን ስደውል ሦስት ነጥብ ስምንት ጠርታለች። «ልትሸጪው ነው?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና ሳቀች። ያ የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ ትዝ አለኝ፤ አልነገርኳትም።

እማማ ከልጃቸው ጋር የካ አባዶ ገብተዋል። ስቱዲዮ ነው፣ ግን ግራውንድ። የካቲት ላይ እንዴት ሰነበቱ ልላቸው ደወልኩ። ጉልበታቸው ይሻለዋል። ልጆቹ ይረብሻሉ፣ ደስ ይላል። ቡናው ግን የዚህ ውሃ አይስማማውም አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«እንደው ልጠይቅህ፤ ግቢያችን ውሃ መጣ?»

በዚያው በኩል አልፌ ነበር። ሴቶች ጀሪካን ይዘው ቧንቧው ጋ አይቻለሁ። «ትናንት መጥቷል እማማ።»

«ረቡዕ?»

«አዎ፣ ረቡዕ።»

«ቆየኝ፣ እንዳትዘጋው» አሉ። ወንበር ሲገፋ ተሰማኝ። ከዚያ ልጆቹን እስክሪብቶ ሲጠይቁ።